የሮቤል ኤምፒፎር፣ ባለቤቶቹ እንደሚሉት

ኅዳር 3

ሮቤል ወንድሜ፣ ዛሬ ይሄ ዘፈን መስሚያ ኤምፒፎርህ አዋረደኝ። ስትሰማ ሆድህን ይዘህ ነው የምትስቀው።

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። መስኮቱ ጋ፣ አንተ የምትሰካበት ቦታ። ለምን እንደምሰካው እንጃ። አልሰማው፣ ለማንም አልሰጠው። ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ደስ አይለኝም።

ከሲሪንቃ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዘግይተው ነው የሰሙት። ገና ከበር ማልቀስ ጀመሩ፣ እማም አብራ። ከሞትክ ወር ሊሞላህ ነው፣ ግን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው...

አልቅሰው ሲያበቁ ተቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ መስኮቱ ላይ ያለው ዕቃ ማንም ሳይነካው በራሱ ጀመረ። የሠርግ ዘፈን። ሆታው ከነጭብጨባው።

ሮጥኩ። እጄን አልቦኝ ነው መሰለኝ ታች ስክሪኑ አልታዘዝ አለ። ላጠፋው ስል ድምፁ ጨመረ። እንደገና ስነካው ወደ ሌላ ዘፈን ሄደ፣ የባሰ። ሲጨንቀኝ ትራስ ሥር ከተትኩትና ተቀመጥኩበት። ከሥሬ ይጨፍራል።

አባባ ከመሬት ዓይኑን አላነሳም። ከእንግዶቹ አንዷ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የሚሏቸው አሮጊት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ተዉት ልጁን» አሉ። «ሟቹም ቢሆን ለቅሶ ቤት ረጋ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም።»

እማ ሳቀች። ትንሽ። ከዚያ ደግሞ የባሰ አለቀሰች።

ኅዳር 4

ምሳ ላይ እማ ተናገረች። ለአርባህ ልብስህ ይወጣል። ጃኬቱ፣ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ። ለቸገረው ሰው።

«ያንንም ነገር አብሮ» አለች።

«የቱን ነገር?»

«የዘፈነውን።»

«እማ፣ እሱ እኮ ልብስ አይደለም።»

«የእሱ ዕቃ አይደለም? የሟች ዕቃ ለሚጠቀምበት ይሰጣል። ተቀምጦ ሰው አያስለቅስም። አንተ ትጠቀምበታለህ?»

ምን ልበል? አንድ ዘፈን እንኳ ከፍቼ ሰምቼ አላውቅም። ቻርጅ ማድረግ መጠቀም ይባላል?

አልሰጥም። ግን እንዴት?

ኅዳር 6

ጓደኛህ ሚስባህ ጋ ሄድኩ። ባጃጅ ማቆሚያው ላይ ተራ ይጠብቃል። ኤምፒፎሩን ከአንተ ጋር አብሮ ነው ወልድያ የገዛው፣ ያው ሱቅ፣ ያው ቀለም። ያንተና የሱ አንድ ጊዜ ተለዋውጠው ሦስት ቀን ሳታውቅ መንዙማ ስትሰማ ከረምክ አለኝ። እውነት ነው?

«ስልክ እያላችሁ ለምን ገዛችሁት?» አልኩት።

«ወንድምህ ነዋ። ስልክ ዘፈኑ መሀል ይጠራል፣ ይሄን ግን ማንም አይጠራውም አለኝ። እኔ ደግሞ ሮቤል ያለኝን መቼ እንቢ ብዬ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጥሩ ነው?»

ዳኛ መሰለ። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

«ድምፁ አንደኛ። ባትሪው ወላሂ ሦስት ቀን ይሄዳል። ታቹ ግን ጠባይ የለውም። ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሲግል ራሱን በራሱ ይነካል። ባለፈው አንዱ ተሳፋሪ እየሰደበኝ ሳለ መንዙማ አስጀመረ። ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ አሳየኝ። ወደ ታች ስትሳብ ስክሪኑ ይቆለፋል።

ለካ ፀሐይ ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ፀሐይ... ትንሽ ቅር አለኝ። ምን ነበር የጠበቅኩት? እኔ እንጃ።

ኅዳር 8

ባትሪው ሦስት ቀን ሄደ። ሚስባህ ውሸታም አይደለም።

ኅዳር 9

አበባው ዛሬ ሞከረው። የአክስቴ ልጅ፣ የግራናው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያንተ አልጋ ላይ እሱ ነው የሚተኛው፣ ብቻዬን እንዳላድር። ያንኮራፋል። ሮቤል፣ አንተ ታንኮራፋለህ እያልኩ የሰደብኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ።

ታቹ የአበባውን ጣት አያውቀውም። ቢጫነው የለም፣ ቢያሸው የለም። የማረሻና የማጭድ ጣት ነው፣ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። አውራ ጣቱን ላሰና ሞከረ። የለም። ከዚያ አጎንብሶ በአፍንጫው ነካው።

ተከፈተ።

በአፍንጫው ዘፈን ሲመርጥ ሳየው ከአልጋው ወደቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ዕቃው ጥሩ ነው» አለ ቀና ብሎ። «ገበሬ ግን አላሰቡም።»

ዘፈኑ ገና ሲጀምር እኔው አጠፋሁት። እንዳልሰማው። አበባው ከአርባው በኋላ ይሄዳል፣ ማሽላው ደርሷል።

ኅዳር 12

አባባ ዛሬ አነሳው። እንደ እንቁላል ነው የያዘው።

«ቁልፉ የታለ?»

«የለውም አባባ፣ መስተዋቱን ነው የሚነኩት።»

አገላብጦ አየው። «ቁልፍ የሌለው ዕቃ አያምንህም» አለና መለሰልኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ጎኑ ላይ የተጫረውን አየኸው? የሚስባህን ባጃጅ ሊጠግን ሥሩ ገብቶ ነው። ወድቆበት።»

እሱ ይሄን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር።

«አባባ፣ እማን ንገራት።»

«እናትህን አልጨቀጭቃትም። አንተም ተው።»

ኅዳር 14

እማ ልብሶቹን አጠበች። ግቢው ውስጥ ገመዱ ሞልቷል። ጃኬቱ፣ ሁለቱ ሱሪዎች፣ የኳስ ማልያው። በንፋስ ይወዛወዛሉ። ከበሩ ስገባ... ተወው።

«ለምን ታጥቢያለሽ? የሚወስደው ሰው ያጥበው የለ» አልኳት።

«ያልታጠበ ልብስ ለሰው አይሰጥም። ነውር ነው።» ካልሲ እየጨመቀች ነበር። «ያንንም ነገር አንተ አጽዳው። ውስጡን ባዶ አድርገው። ሰው ይጠቀምበታል እንጂ የልጄን ሆድ አብሮ አይወስድም።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሽሮና ምስር ለነገ እየተሠራ ነው፣ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ኤምፒፎሩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

ሚሞሪው አፉ ድረስ ሞልቷል። አንድ ዘፈን የሚገባበት ቦታ የለም። በየፎልደሩ ስም ሰጥተሃል። «ለሐራ መንገድ»። «ለዝናብ»። «ናቲ የሚጠላቸው»። የመጨረሻው፣ በእኔ ስም የሰየምከው፣ ከሁሉም ይበዛል።

«ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን አገኘሁት። ነካሁት። እርግጠኛ ነህ ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ»ን ነካሁ። ዝም። እንደገና ነካሁ። ዝም። ጣቴ እርጥብ ነበር፣ ስክሪኑም።

ሸሚዜ ላይ ጠረግኩት። ጣቴንም ጠረግኩ። አሁን እንደሚታዘዘኝ አውቃለሁ። ደረቅ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ምንም ሰበብ የለኝም።

«አይ»ን ነካሁ።

እማ ነገ ምን ትለኛለች?

ኅዳር 16

አርባው ሆነ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ከዚያ ሰው በላ፣ ቄሱ ጸለዩ፣ ከሰዓት ልብሱ ወጣ።

የወሰደው ሰው ዘውዱ ይባላል፣ መናኸሪያው ጋ ጭነት የሚያወርድ። ጃኬቱን እዚያው ለካው። እጅጌው አጠረው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ የሻረግ፣ ለእኔ ነው የተሰፋው» አለ እጅጌውን እየጎተተ። እማ ትከሻውን አስተካከለችለት፣ ላንተ እንደምታደርገው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው።»

ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ግን አልሰጠኋትም።

«አልታጠበም» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«አልታጠበም እማ። ባዶ አላደረግኩትም። አልቻልኩም።»

ሰው ሁሉ ሰማ። አባባ ዳቦ ይዞ ቆሞ ቀረ። ሚስባህ በር ላይ ነበር፣ ጫማውን ያያል። ዘውዱ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። እማ አየችኝ። እንደምትቆጣ ጠበቅኩ።

«ያልታጠበ አይሰጥም» አለች፣ ለዘውዱ፣ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ። «ልጄ፣ እሱን ተወው። ጫማውን ያዝ።»

ሰው ሲበተን ማድ ቤት ጠራችኝ። ሳህን እያጠበች፣ ሳታየኝ፦

«በጆሮህ ብቻ። ቤቱ እንዳይሰማ።»

«እሺ።»

«ካልሰማኸው ግን አጥበህ ትሰጣለህ። ለጌጥ አላስቀመጥኩልህም።»

«እሺ አልኩሽ።»

«አሁን ይሄን ድስት አንሳ።»

ኅዳር 17

አበባው ከሰዓት በሚኒባስ ሄደ። ለማሽላው። አልጋውን አንጥፎ ነው የሄደው። «ስትለምደው ግራና ና፣ ዘፈን አስመርጠኝ» አለኝ። አፍንጫውን እያሳየ።

ኤርፎን የለም። ሳጥኑን፣ ፍራሹ ሥር፣ ሁሉን ፈለግኩ። የሮቤል የት እንደገባ እንጃ። ሜላትን ጠየቅኋት፣ የክፍሌ ልጅ ናት፣ ከእኛ በታች ነው ቤታቸው። ነገ አመጣልሃለሁ አለች።

ኅዳር 18

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። የሚያንኮራፋ የለም። ዶሮ፣ የመንገዱ አይሱዙ፣ እማ ስትጠርግ። ተኝቼ ያንን አልጋ አየሁት። ባዶ ነው። ባዶ አልጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ተነሳሁ፣ የራሴን አነጠፍኩ፣ ደብተሮቼን ከወለሉ ሰብስቤ ሮቤል አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። ጥሩ ጠረጴዛ ሆነ።

ፊቴን ታጠብኩ። ከትናንት የተረፈ ዳቦ በላሁ። እማ «ይዘኸዋል?» አለች። ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳየኋት።

ሜላት መታጠፊያው ላይ ጠበቀችኝ። ኤርፎኑን ስቀበላት አንዱን ጫፍ አልለቅም አለች።

«ኤርፎኑ የኔ ነው። አንዱ ጆሮ የኔ ነው።»

«የሮቤል ዘፈን ነው እኮ።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

ምንም የለበትም። ከላይ ጀመርኩ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን። ሽቦው አጭር ስለሆነ እግራችንን እኩል ማንሳት ነበረብን፣ ካልሆነ ከጆሮ ይወልቃል። ሁለት ጊዜ ወለቀ። የመጀመሪያው ጥሩ ነበር። ሁለተኛውን እሷም ታውቀዋለች፣ በአፏ ተከተለችው። ትንሽ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አቧራ ነው አልኳት፣ እሺ አለች።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሦስተኛው ዘፈን ጀመረ። አንድ ሰውዬ ይጮኻል። ኦርጋን ብቻ። አያልቅም።

«ወንድምህ ይሄን ይወደው ነበር?» አለች።

«በጣም።»

«አስቀያሚ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ቀጣዩን ነካሁ።