ዝናብ ለኪዋ እትዬ ደመና

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ደመና» እያለ የሚጠራቸው እኅታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰማይ ሰማይ እያዩ ፈዝዘው ስለሚቀሩ እናታቸው «ይቺ ልጅ እግሯ ብቻ ነው ከኛ ጋር ያለው» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት የተላከው ታላቅ ወንድማቸው ነበር። እርሳቸው የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ደብተሩን በጎን ያነቡ ነበር። ወንድማቸው ስድስተኛ ክፍል ላይ ሲያቋርጥ ደብተሩ ገና አላለቀም ነበርና አባታቸው እርሳቸውን ላኩ።

በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው በሜትሮሎጂ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ዝናብ መለካትም ጀመሩ። በ1975 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው «ሚስቴን ደመና ቀማኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የጣቢያውን በር ለሴት ተማሪዎች ይከፍቱ ነበር። ልጆቹ ጤዛ ባልለቀቀው ሣር ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሰማዩን በሐሳብ ስምንት ቦታ ይከፍሉና ስንቱን እጅ ደመና እንደያዘው ይናገራሉ። ጉም በወረደ ቀን የሙቀት መለኪያው የሚቀመጥበት ባለ እግር ነጭ ሳጥን አየር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ከልጆቹም ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። የእኅታችን ምኞት አንድ ነበር፦ ከእነዚህ ልጆች አንዷም ከሳይንስ ትምህርቷ እንዳትቀር።

በ2009 ዓ.ም. የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ከቅዳሜዎቹ ተማሪዎች አንዷ የሆነችውን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ዳቦ ቤቱ ሊያሠራት ወሰነ። ሊወስዳት ጣቢያው ሲደርስ እኅታችን የዝናቡን ውሃ በመስታወት መለኪያ አይተው «አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር» ብለው መዝግበው ነበር። ልጅቷ ተንበርክካ ዓይኗን ከውሃው እኩል አድርጋ አየችና፣ «እትዬ፣ አሥራ አራት ነው። ቆመው ስላዩት ነው» አለች።

«አፍሽን ያዢ!» አላት አባቷ።

እኅታችን ጉልበታቸው እያመማቸው ተንበረከኩ። አዩ። አሥራ አምስቱን ሰርዘው አሥራ አራት ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ወንድሜ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስለካ ያረመኝ ሰው የለም። ይቺን ልጅ ዱቄት ውስጥ ልትደብቃት ነው?» አሉት።

ሰውየው «እንግዲህ ከትምህርት ስትመለስ ታግዘኛለች» ብሎ ብቻውን ሄደ።

እኅታችን በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከማረፋቸው በፊት ሁለት ዓመት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት አልጋቸው መስኮት አጠገብ ነበር፤ የደመናው ጥላ በፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ያልፍ ነበር። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ናት። ታናሽ እኅቷም በሚመጣው ዓመት ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ትገባለች፤ ያስመዘገባት አባቷ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሩን ከፍቶ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።