ሽማግሌ ጀልባ ላይ የት ይቀመጣል?

ናዝሪዬ፣

ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ እየተጓዝን ነው፤ ጽሑፌን ያንጋደደው ማዕበሉ ነው። የጠዳው ገበሬ አያ ውዱ ጀልባ ሲሳፈሩ ገና መጀመሪያቸው ነው። እንደ አውቶቡሳችን መስሎን «እርስዎማ ወደ ፊት!» ብለን ከፊት ጫፍ አስቀመጥናቸው። ለካ ጀልባ ላይ እንደ ፊቱ የሚዘል የለም! ፊታቸው አመድ መሰለ። ባለጀልባው «ወደ ኋላ ይምጡ» ቢላቸው፣ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው እንቢ አሉ። እኔ ተነሣሁና «አያ፣ መካከላችን ይግቡና ይመርቁን» አልኳቸው። ወዲያው መጡ! መርቀው ሲጨርሱ ቀለማቸው ተመለሰ፤ «ይኸስ ሸጋ ነው፤ በቅሎዬም እንዲህ አትመችም» አሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ አጥቶ የፒያሳን አስፋልት መለካት በቃኝ። የጎንደርን አረጋውያን ጣና ላይ ማንሸራሸር እጀምራለሁ፣ ቆርጫለሁ! የመጀመሪያው መንገደኛ አባትሽ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ከታመሙብን ከደብሩ ማንም አይከተለንም። ረቡዕና ዓርብ አንወጣም፤ በጾም ሆድ ማዕበል አይቻልም። ቁርስ አብልተሽ አምጪያቸው፣ ጋቢም ይያዙ፤ ነፋሱ እንደ ደባርቅ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። መሪጌታ ግን ይህን እንዳያነቡት፤ መካከል የምናስቀምጣቸው እንዲመርቁን ብቻ ነው።

አምሐ