ጨው የበዛበት ብልቃጥ

ጥር 6፣ ሰኞ
ጠዋት ልጄ በር ላይ ጫማዋን እያሰረች ነገረችኝ። «አለቃዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሰጠችኝ፣ አባዬ። ያቺ የማጠናት የእርሾ ጂን፣ ያቺ ዘረ መል፣ ሥራ እንዳላት ካላሳየሁ ጥናቱ ይዘጋል።» ጥናቱ ከተዘጋ ልጄም ከቤተ ሙከራው ወጣች ማለት ነው። በዓይን ለማትታይ ቅንጣት ሲባል... የአምስት ዓመት ድካም?

ጥር 9፣ ሐሙስ
ልመናዬ በዝቶባት ቤተ ሙከራው ወሰደችኝ። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ዕረፍት በሚወዛወዝ ሙቅ ሣጥን ላይ፣ ዳቦ የሚያስነሣው ያው የምናውቀው እርሾ በየብልቃጡ ተሰልፎ፣ ንጉሥ እንደሚጠብቅ ሠራዊት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው ጂኗ ያለችው፣ ሁለተኛው ጂኗ ተቆርጣ የወጣችበት። እኩል አድርጋ በአንድ ብልቃጥ ታገናኛቸውና የትኛው እንደሚበዛ ታያለች።
«በምን ትለያቸዋለሽ?»
«ጂኗ የሌለችበት ምልክት ስላስገባሁበት በዚህ መብራት አረንጓዴ ያበራል።»
«ማን ይቀድማል ታዲያ?»
«በስኳር ውኃ? የሌለው በትንሹ ይቀድማል። ጣጣዬም እሱ ነው።»
«ሸክም የቀለለለት ይሮጣላ።»
«አንተን ነበር መቅጠር የነበረባቸው» ብላ ሳቀች።
ሸክም ብቻ ከሆነች ግን ተፈጥሮ ይህን ያህል ዘመን ለምን ተሸከመቻት?

ጥር 14፣ ማክሰኞ
ፊቷ ጠቁሮ ገባች። የጨው ሙከራ ጀምራ ነበር። ባልደረባዋ ጨውን ቀድማ ጨምራለች፤ እርሷም ሳታውቅ ደገመችው። እጥፍ ሆነ።
«ይህ ጨው ከሁለቱ አንዱንም አያሳድግም። ጠዋት እደፋዋለሁ።»
እኔስ ምን አውቄ ልምከራት?

ጥር 15፣ ረቡዕ
አልደፋችውም። ከመድፋቷ በፊት መብራቱ ሥር አቆመችው፤ አረንጓዴው ከጥቂት ነጠብጣብ በቀር የለም። ጂኗ ያለችው ዘር ግን፣ በዚያ ምላስ በሚያቃጥል ጨው መካከል፣ ዝግ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ስትራባ አደረች።

ጥር 17፣ ዓርብ
አለቃዋ ዘንድ ገብታ ከውጤቱ አስቀድማ ስህተቱን ተናገረች።
«ባትነግሪያትስ ምን ነበረበት?» አልኳት።
«ታዲያ ጨው ስንት ነው ብዬ ልጻፍ?»
አለቃይቱ መነጽሯን አውልቃ እንዲህ አለቻት፦ «ጎበዝ። እስቲ አሁን ሆን ብለሽ ተሳሳቺ። ሦስቴ።»
ከወሩ የቀረው ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በእጄ ያሳደግኋት ልጅ እንዲህ ታስደንቀኝ?... ምን ማለቴ ነው። እኔ አባቷ በእርሷ ተደነቅሁ፤ ይኸው ነው።

ጥር 30፣ ሐሙስ
ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነ። ጥናቱ አልተዘጋም።
በድሎት ዘመን ወደ ኋላ የምትጎትት፣ እንደ ሥራ ፈት የምትቆጠር፣ ቢያወጧት ማንም የማያለቅስላት ያቺ ቅንጣት፣ ውኃው በመረረ ጊዜ ወገኗን ሁሉ ደግፋ የምታቆም መሆኗን ሳስብ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው የዳቦ ሊጥ እንኳ ባርኔጣ አውልቄ የማልፈው ነገር ሆነብኝ።
ከእንግዲህ ሙቀቱ አለ፣ ብርዱ አለ፣ ኮምጣጤው አለ፣ ረሃቡ አለ፤ ልጄ ጂኗን በእያንዳንዱ ልትፈትናት ነው። ለጥናቱ ሁለት ዓመት ተሰጣት።
አመሻሽ ላይ ለባልደረባዋ ስትደውል ሰማኋት። «ኮምጣጤውን አንቺ ብቻ ነሽ የምትጨምሪው። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ነው የማደርገው።»