በንጋት የማይነገር የምሥራች

ሰኞ
ኮሎኔሉ መናገር ከመጀመሩ በፊት ስልኮቻችንን በር ላይ አስረከብን። እኛን ጋዜጠኞችን የጠራን የጎረቤት አገሮች የጋራ ጦር ስምምነት እንዴት እንደሚሻሻል ሊያስረዳን ነው። ስምምነቱ የተጻፈው ጠላት በመንገድ፣ አቧራ አስነሥቶ በሚመጣበት ዘመን ነበር። «አንዱ ከተነካ ሁሉም እንደተነካ ይቆጠራል» ይላል። ዛሬ መነካት ምንድን ነው? ከየት እንደተነሣች የማትታወቅ ትንሽ ድሮን? የአንድን አገር መብራት በኮምፒውተር ከሩቅ ማጥፋት? የሐሰት ወሬስ? ጠየቅኩት። «እየተነጋገርንበት ነው» አለ። ሐቀኛ መልስ ነው፤ እንዳለ ጻፍኩት።

ከዚያ ለጊዜው የማይጻፈውን ነገረን። ጠላት የወታደሮችን የእጅ ስልክ ምልክት እየተከተለ ድሮን ይልካል። ስለዚህ ድንበር ላይ ካለው የጋራ ጦር ስልክ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጦሩም ቦታ እየቀየረ ነው። ቀይሮ እስኪጨርስ ለማንም እንዳንናገር ቃል አስገባን። ገባሁ።

ስመለስ ጌጃ ሰፈር መግቢያ ላይ አስካለን አገኘኋት። ጎረቤቴ ናት፤ አብነት ሰፈር ባላት ሱቅ ክርና አዝራር ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ቢኒያም ብቻ ነው፤ ቢኒያም ደግሞ እዚያ ጦር ውስጥ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ የቢኒ ስልክ አልሠራ አለኝ። ኔትወርክ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኳት። ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት ትክክል ያልሆነ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ
ጽሑፉ አልሄድ አለኝ። ባለቤቴ ሰናይት የቤት ስልኩን አቧራ እየጠረገች «ይሄን ቅርስ መቼ ነው የምታስነቅለው?» አለችኝ። ማንም አይደውልበትም። ቢኒያም ልጅ ሳለ እናቱ ሱቅ ስትውል እኛ ጋ ነበር የሚያጠናው፤ ትምህርት ቤት የቤት ስልክ ሲጠየቅ የሚናገረው የኛን ቁጥር ነበር። «አይነቀልም» አልኩ።

ረቡዕ
ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ ወጣ። የሚነድ ካምፕ፣ የሚሮጡ ሰዎች፣ ከሥሩ «የጋራ ጦሩ ተደመሰሰ» የሚል ጽሑፍ። ለአስካለ ያሳየቻት ደንበኛዋ ናት። ሱቁን ዘግታ በቀጥታ እኛ ቤት መጣች።

ደጋግሜ አየሁት። የድሮ ነው፤ ከዓመታት በፊት ከሌላ ጦርነት ጠረጴዛዬ ላይ ደርሶ ያውቃል። መኪናው ላይ ያለው ባንዲራም የሌላ አገር ነው። አንድ በአንድ አሳየኋት፤ አመነችኝ።

«እሺ፣ ታዲያ ልጄ ስልኩን ለምን ዘጋ?»

ዝም አልኩ። ፊቴን አይታ ወጣች።

ዝም ከምል ብዋሽ ይሻል ነበር። እዚህ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። ጎረቤት ቀድሞ ሰምቶ ይደብቃል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች በንጋት ሄደው ያረዳሉ። ዝም ያለ ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ አስካለ ታውቃለች።

ሐሙስ
ሴቶቹ አስካለ ቤት መመላለስ ጀመሩ። አንዷ ጨው ልትበደር፣ ሌላዋ እንዲያው ሰላም ልትላት። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ሰናይትም ጥቁር ሻሿን ከሣጥን አወጣች።

«ምን ልትሠሪበት?»

«ምናልባት» አለች። ለእሷም መናገር አልቻልኩም።

ኮሎኔሉ ጋ ደወልኩ። ለአንዲት እናት ብቻ እንድናገር እንዲፈቅድልኝ ለመንኩት።

«ለአንዲት እናት ነገሩ ማለት አብነት በሙሉ ሰማ ማለት ነው።»

«የማሻሻያ ዕቅዳችሁ የሐሰት ወሬን መመከት ይላል። ወሬው እኔ በር ላይ ነው። በምን ልመክተው?»

ስልኩን ዘጋው። አመሻሽ ላይ ራሱ ደወለ። ጦሩ ቦታውን ሊይዝ ነው፤ ከነገ ንጋት ጀምሮ መናገር እችላለሁ። «ስለ ልጁ ግን የማውቀው የለም። ስለ ስልኩ ብቻ ነው።»

ዓርብ
ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ። ከንጋት ጀምሮ ስለተባልኩ በንጋት ሄድኩ። ብርድ ነበርና ጋቢ ደረብኩ። መንገድ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ ሐጂ ሱሩር ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ አገኘኋቸው። ስነግራቸው «የምሥራችማ ከሆነ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

በንጋት፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና የእድር ሰብሳቢ። አንኳኳን። አስካለ ከፈተች፣ አየችን፣ «ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ።

«ኧረ አስካለ፣ ደግ ነገር ነው!» ይላሉ ሐጂ።

«ሁሉም እንዲህ ብለው ነው የሚጀምሩት!»

የሚሰማኝ ያገኘሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ስልኩ እንደተሰበሰበና ለምን እንደሆነ አስረዳኋት። ለቅሶው ቆመ። ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

«በሕይወት አለ ብለው ይምሉልኛል?»

«ስልኩ መሰብሰቡን እምላለሁ።»

«ጋሽ መኮንን፣ እኔ የወለድኩት ስልክ አይደለም።»

ስንወጣ ሐጂ «ያሳሳታት ጋቢህ ነው» አሉኝ።

«የእርስዎስ?»

«የኔማ ፊቴ ነው። ለእድር ስል ያበጀሁት ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ማናችንም አልሳቅንም።

ቅዳሜ
ጽሑፉን አስገባሁ። አንድ አንቀጽ ጨምሬበታለሁ። ስምምነትን ከዘመኑ ጋር ማስኬድ ድሮንና ኮምፒውተር መግዛት ብቻ አይደለም፤ ከወታደሩ ስልክ የሚሰበስብ ጦር ለእናቱ የሚነግራት ነገር በዚያው ቀን ካላዘጋጀ ጠላት ያዘጋጅላታል። አዘጋጁ «ስሜት በዛበት» አለ። አንድ ቃል ቀንሼ መለስኩለት።

አስካለ ሱቋን ከፍታለች። ሰላም አልኳት፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

እሑድ
ከሰዓት በኋላ የቤት ስልኩ ጮኸ። ሰናይት «ተሳስተው ነው» አለች። አነሣሁት። ነፋስ፣ የሰው ድምፅ፣ ከዚያ «ጋሼ? ቢኒ ነኝ።»

ለጦሩ አንድ የጋራ መስመር ተፈቅዷል፤ ወረፋ ነው። የእናቱ ቁጥር ከስልኩ ጋር ሄዷል። በቃሉ የሚያውቀው የኛን ብቻ ነው። «ደህና ነው ይበሏት።»

እንድታምነኝ ምልክት ጠየቅኩት።

«የሰጠችኝን ክር ይንገሯት። የአለቃዬን ሱሪ በቀዩ ሰፍቼለት ሁሉ ሰው እየሳቀበት ነው።» መስመሩ ተቋረጠ።

አስካለ ከዓርብ ወዲህ ከልጇ ቁጥር በቀር ስልክ አታነሣም። ዛሬም ሱቅ ናት፤ ቤት መዋል አቅቷታል። ጋቢዬን ትቼ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ብደርስ መርዶ ይመስላል፤ ሮጬ ብደርስም ያው ነው። ስለዚህ አብነት ስደርስ ከሩቅ ጮኽኩ። «አስካለ! ቢኒ ደወለ! ቢኒ ደወለ!» መንገደኛው ሁሉ ዞረ። አንድ የታክሲ ረዳት «ፋዘር፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?» አለኝ።

ሱቋ በር ላይ ወጥታ ቆመች። ፊቴን ታጠናለች። ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ሱሪውንም።

«በምን ክር አሉኝ?»

«በቀይ።»

«በቀይ? ካኪውን ከሥር አድርጌለት ነበርኮ!» አለች፤ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ይህን ስጽፍ እኛ ቤት ናት፤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዛሬ ዳግም እንደማይደውል ነግሬያታለሁ።

«አውቃለሁ» ትላለች። አትነሣም።