በግማሽ ሰዓት ስላገኘኋቸው ሦስት ልጆች

ለተከበሩ የጉዲፈቻ ጉዳይ አጽዳቂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ማኅተምዎ ከመሳቢያ ወጥቶ ብርድ እንዳይመታው የሚያደርጉለትን ጥንቃቄ እኛ የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች ሁልጊዜ በአድናቆት እናነሳዋለን።

እኔ እፀገነት እባላለሁ፤ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የመካኒኩ የመኳንንት ባለቤት ነኝ። ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መሄዳቸው በአዋጅ ቀርቶ እዚሁ በወገን እጅ ይደጉ ሲባል ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ። ቀድሞ ፈረንጆቹ ወረቀቱ አላልቅ እያላቸው ሲያለቅሱ የርቀቱ ነገር ይመስለኝ ነበር። ይኸው እኔ ከቢሮዎ በአንድ ታክሲ መንገድ ላይ ሆኜ አለቅሳለሁ። ከማሳደጊያው ልናወጣት ያመለከትንባት ራዕይ ስናመለክት ገና ትድህ ነበር፤ አሁን የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ቤታችንን የምታጣራ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር የክብር እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ያለውን ያውሳል። ምንጣፉን ከወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ብርጭቆውን ከእነ ኪዳን ቤት ተዋስን። የግድግዳ ጎረቤቴ ሃፊዛ ደግሞ ጭር ያለ ቤት ለእንግዳ ደስ አይልም ብላ ሦስቱን ልጆቿን ላከችልኝ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ትንሹ ዩሱፍ፣ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንደለመደው፣ እማ ብሎ ውሃ ጠየቀኝ። ባለሙያዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ጻፈች፤ እኔን ግን ምንም አልጠየቀችኝም። ሻይዋን ጠጥታ ስትወጣ ለካ የሦስት ልጆች እናት ሆኛለሁ።

2ኛ. ኢህሳን መኳንንት፣ አልፊያ መኳንንት፣ ዩሱፍ መኳንንት ተብለው ፋይላችን ውስጥ ገብተዋል። እናት ተብዬዋ አንገቷ ላይ ማተብ አስራ ሳለ ማንም ግር አለማለቱ ቢሮዎ ለአብሮ መኖር ያለውን ፍቅር ስለሚያሳይ ኮርቻለሁ። የበለጠ የደነቀኝ ግን ፍጥነቱ ነው። አንዷን ልጅ በሕክምና ምርመራ፣ በፖሊስ አሻራ፣ በገቢ ማስረጃና በጉርድ ፎቶ ለምነን ያጣን ሰዎች፣ ሦስቱን ያለ አንድ ማኅተም በግማሽ ሰዓት አገኘን።

3ኛ. ሦስት ልጅ አላችሁ ተብሎ የራዕይ ጉዳይ ስለቆመ ይታረምልን ስንል፣ አንዴ የተመዘገበ ልጅ ዝም ብሎ አይሰረዝም፤ ወይ የልደት ወይ የሞት የምስክር ወረቀቱ ይቅረብ ተባልን። ሃፊዛ ሥራዋን ትታ የልጆቿን የልደት ወረቀት ይዛ አብራኝ መጣች። ጸሐፊዎ አገላብጠው አዩትና እነዚህ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው፤ የራሳችሁን አምጡ ብለው መለሱን። ወረዳው ደግሞ ላላገባ ሰው ማስረጃ እንደሚሰጥ፣ ላልወለደ ግን እንደማይሰጥ በትሕትና አስረዳን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቢሮዎ ግን እንዳያፈስ ሲል ዕቃውንም አላነሳው።

4ኛ. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ባለፈው እሑድ ራዕይን ልናያት ሄደን ነበር። ቤታችን ሦስት ልጆች እንዳሉ ከሞግዚቶቹ ሰምታ ኖሮ እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልመጣችም። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጫማ ጫማዋን እያየች፣ «እነሱ ካሉሽ እኔን ለምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። መኳንንት ፊቱን አዙሮ ወጣ። እኔ አንድም ልጅ የለኝም ብዬ ማልኩላት፤ አላመነችኝም። ክቡር ሆይ፣ ከሰው ቃል ይልቅ ፋይልን ማመን ከእናንተ የተማረችው ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ አጭር ነው። የሰጡኝን ሦስት ልጆች ከነምስጋናዬ ይውሰዱልኝና ያላመነችኝን አንዷን ይስጡኝ።

ማኅተምዎን ከብርድም ከሥራም ጠብቆ ያቆይልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

እፀገነት
የሦስት የሌሉ ልጆች እናት
አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራኒዮ

ማስታወሻ፦ ስለ ሞት ወረቀቱ ሃፊዛ ልጆቿን ሰብስባ አማክራለች። ኢህሳን ለራዕይ ሲል ለጥቂት ቀን ለመሞት ፈቅዷል፤ ቅዳሜ ግን ኳስ ስላለበት ከዚያ በፊት እንዲያስነሱት ይጠይቃል። እኔ ከልክዬዋለሁ። እናንተ ዘንድ ሞቶ የተመዘገበ ልጅ በሕይወት መኖሩን እስኪያስረዳ ድረስ ይሸብታል።