ሶረቲን ለሻጯ በፊርማ ላስረከበ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ለከተማችን የመንገድ ሥርዓትና የመልካም ጠባይ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለማይሞቀውና ለማይበርደው ወንበርዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ሄርማታ ገበያ ዳር ልብስ የምሰፋ አቢጊያ ኤርሲዶ ነኝ። ከሆሳዕና ወደ ጅማ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም፣ ባለሥልጣን ለማመስገን ብዕር ሳነሳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ሶረቲ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ሱቄ ገባችና ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ተደበቀች። ሊዮል የሚባል ደላላ «ጅማ ካፌ አስቀጥርሻለሁ» ብሎ ከሸቤ አምጥቶ፣ መታወቂያዋን ቀምቶ፣ ለአንድ መሸታ ቤት ሸጧት ኖሯል። ሁለት ወር ሙሉ ጓሮ ክፍል እየተቆለፈባት ለወንዶች ስትቀርብ ከቆየች በኋላ፣ በሩ ሳይዘጋ የቀረ ዕለት አመለጠች። እጇን ይዤ ወደ እርስዎ አመጣኋት። እርስዎም ከባለጉዳይ ሁሉ አስቀድመው «እዚያ ቤት ምን ትሠሪ ነበር?» ብለው ጠየቋት። ሶረቲ መዋሸት አታውቅምና የደረሰባትን ነገረችዎ። «በራሷ አንደበት አምናለች» ብለው በነውር ደንብዎ ከሰው አሰሯት። ከሳሽ ሆና የገባችው ልጅ ተከሳሽ ለመሆን ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም፤ እንዲህ የፈጠነ አገልግሎት በየትኛውም መስኮት አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ለቤተሰብ ስላለዎት ክብር አመሰግናለሁ። በማግስቱ ዋስ ልሆናት ብመጣ «ዘመዷ አይደለሽም» ብለው መለሱኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሊዮል ግን «አጎቷ ነኝ» ስላለ ብቻ ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ አስፈርመውም አስረከቡት። እሷ «የሸጠኝ እሱ ነው!» እያለች ስታለቅስ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ ቤት ይታያል» ሲሉ በረንዳው ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ ሳይሆን ለባጃጅ ነጂው ለፋሂም ነው። ሊዮል ጎትቶ ሲያሳፍራት ሶረቲ በኦሮምኛ «ና ሂን ጌሲን»፣ አትውሰደኝ፣ ስትል ሰማና መስጊዱ በር ላይ ቆመ። «ወላሂ፣ ሞተሩ ሞተ!» አለ። ሰዉ ከጁምዓ ሶላት እየወጣ ነበርና ከበቧቸው። አንድ ሽማግሌ ሊዮልን «የእናቷ ስም ማነው?» አሉት። አጎት ሆዬ የገዛ እህቱ ስም ጠፋበት፤ ወዲያው እሱም በሰው መሃል ሹልክ ብሎ ጠፋ። ሽማግሌው ይህን ለመጠየቅ ማኅተምም ደመወዝም አላስፈለጋቸውም።

ሶረቲ አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ክሷ ግን አልተዘጋም። እዚያ ጓሮ ሁለት ልጆች ቀርተዋል። «ሄደን እናመልክትላቸው» ብላት «እነሱንም ያስሯቸዋል» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ስለዚህ ደንቡ እንዲሻሻል በትሕትና እለምናለሁ፦ የተሸጠችው አትከሰስ፤ የሸጠው፣ የገዛውና በሩን የሚቆልፈው ይከሰሱ፤ ልታመለክት የመጣችም በሰጠችው ቃል አትታሰር። ያን ጊዜ ሶረቲ ራሷ ከፊት ቀድማ በሩን ታሳይዎታለች።

በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ መርፌዬን ግን ሳላስቀምጥ፣
አቢጊያ ኤርሲዶ፣ ልብስ ሰፊ

በድጋሚ፦ ሐሙስ ዕለት ሶረቲ በኮሪደርዎ ስታልፍ ሁለት ባልደረቦችዎ ድንገት አጎንብሰው የጫማ ክራቸውን ማሰር ጀመሩ። «ገዢው ይከሰስ» የሚለውን ሐሳብ ለውይይት ሲያቀርቡ እነሱንም ያማክሯቸው። የአንደኛው ጫማ ግን ክር አልነበረውም።