ፊትህ የተላጠበት ጣሳ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ደህና መሆንህን ባውቅም ጠየቅኩ፤ ዱቄትህ ጣሳ ላይ ተለጥፎ የመጣው ጉንጭህ የታመመ ሰው ጉንጭ አልነበረም። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ቢያመኝም ከሥራ አልቀረሁም፤ የሆስፒታሉ ኩሽና ድስት እንዳንተ ዕቃ በወሬ አይነሳም። እማዬ ግን ደህና አይደለችም፤ እሱን እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እማዬ በዱቄትህ መዳኗን ለንግድህ ማስታወቂያ በበራሪ ወረቀት ለማሳተም አስበህ፣ ጣሳውን ይዛ ፈገግ እንዳለች ፎቶ አንስቼ እንድልክልህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ።

እስቲ ከሥሩ እንነጋገር። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከመተኛት ብዛት ጎኗ ሲቆስል፣ አንተ ሁለት ጣሳ ዱቄትና አንድ ገጽ ምክር ሰደድክ። ላይሲን የሚባለውን ነገር ሰውነት ራሱ አይሠራውም፣ ከምግብ ካልተገኘ ቁስል አይጠግንም ብለህ ጽፈህ፣ ከሥሩ ጥብስ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ደረቅ አይብ፣ ለውዝ እያልክ ደርድረሃል። ነገሩስ እውነት ነው፤ የሆስፒታላችን የምግብ ባለሙያም ይህንኑ ብላኛለች። ግን እናትህ ስንት ጥርስ እንደቀራት ታውቃለህ? ሁለት። እነሱም አይገናኙም። አንተ ሊቁ፣ ለሷ ለውዝ አዘዝክላት!

ዱቄቱን ግን ወደደችው። በሞቀ ወተት በጥብጬ ስሰጣት፣ ልጄ የላከልኝ እያለች ጥርግ አድርጋ ትጠጣለች። ሌላ ነገር ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሁለቱም ጣሳ በስድስት ሳምንት አለቀ። ስደውልልህ ዕቃው መንገድ ላይ ነው አልከኝ። በሳምንቱም ብደውል መንገድ ላይ ነው። ይኸው ዘጠኝ ወሩ፤ በኤሊ ቢጫን እንኳ ይደርስ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ስለዚህ ማን እንዳዳናት ልንገርህ፤ ባቄላና ምስር ነው። ከሥራ ስመለስ እቀቅላለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ ከዱቄት ወተት ጋር ቀላቅዬ ባዶው ጣሳህ ውስጥ እሞላዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ቆልቼው ነበር፤ ባለሙያዋ አየችና፣ እስኪጠቁር ከቆላሽው ያንኑ የምትፈልጊውን ላይሲን እሳት ይበላዋል ብላ ተቆጣችኝ። አንተ ይህን ታውቅ ነበር? ኧረ ተወው። ቁስሉ እየጠበበ ሄዶ ሄዶ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነበር። እማዬም ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ ልጄ አዳነኝ ትላለች። እኔ ኩባያውን አጥባለሁ።

አሁን የገጠመንን ስማ። መቼም እማዬ ፊደል እንደማታውቅ አልረሳኸውም፤ ዱቄቱ ያንተ መሆኑን የምትለየው ጣሳው ላይ በተለጠፈው ፎቶህ ነው። በየጠዋቱ ጣሳውን ታስመጣና አቧራ እንዳይነካህ ፊትህን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ወረቀት ይህን መቼ ይችላል? የአንደኛው ጣሳ ፊትህ ቀድሞ አልቆ ነበር፤ በሁለተኛውም መጀመሪያ አፍንጫህ ሄደ፣ ቀጥሎ ዓይንህ። ባለፈው ሰኞ የቀረው ፊትህ ተልጦ ከጨርቁ ጋር ተነሣ። ጣሳውን አገላብጣ አየችና ይህ የልጄ አይደለም ብላ መለሰችልኝ። ያው ነው ብዬ ማልኩላት። የልጄን ራስሽ በልተሽ ለኔ ጥራጥሬ ታጠጪኛለሽ አለችኝ። ጥራጥሬስ ጥራጥሬ ነው።

ይኸው ስድስት ቀኗ፤ ሻይ ውስጥ ከነከርኩት ዳቦ በስተቀር ምንም አትቀምስም። ቁስሉ እንደገና ተከፍቷል። ባለሙያዋ በዳቦ ብቻ እንደማይዘጋ፣ እንዲህ ከቀጠለች ወሩን መድፈኗ እንደሚያጠራጥር ሳትሸፋፍን ነግራኛለች።

ስለዚህ ፎቶዋን አልልክልህም። ካስፈለገህ መጥተህ አንሳት። ይልቅ አንተ ፊትህን ላክ። ጣሳው ከቸገረህ ወረቀቱን ብቻ፣ አሥር ያህል፤ እኔ እለጥፈዋለሁ። ዱቄት እንዳትጨምርበት፤ በዱቄቱ ሰበብ ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ወር መንገድ ላይ እንዳይቀር። ባዶውን፣ ደብዳቤው እንደደረሰህ። ሲመጣ ልጅሽ ላከልሽ እላታለሁ። ስትደውልላት ታዲያ ከአፍህ አምልጦህ ነገሩን እንዳታበላሽብኝ፤ እኔ እንደምሠራው ካወቀች አትጠጣውም።

እየጻፍኩልህ መሆኑን ስነግራት ምርቃት ጨምሪልኝ ብላኛለች። እጅህ አይጠር፤ የነካኸው ሁሉ ይባረክ፤ ክፉ አይንካህ፤ በስተርጅና እኔን እንዳበላኸኝ የሚያበላህ አትጣ። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ለራሴ አንድም አላስቀረሁም።

እህትህ